ብርዱ ከእግር ይገባል፦ ክረምት በካሌዶኒያን ሮድ

ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ካሌዶኒያን ሮድን ባይኖርበት እንኳ በስሙ ያውቀዋል። ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆሎዌይ የሚዘልቅ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ ነው። የሰፈሩ ሰው አሳጥሮ «ካሊ» ይለዋል። «አዲስ» እና «መርካቶ» የሚሉ የምግብ ቤት ስሞች ለዓመታት የተነበቡት በዚህ መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእግረኛው መንገድ ላይ ሲሄዱ አማርኛና ትግርኛ ከየበሩ ይሰማል፤ የበርበሬና የቡና ሽታም ሳይጠሩት ይመጣል።

መንገዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1826 ነው። ስሙን ያገኘው ደግሞ ወላጆቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው ወይም አካላቸው ለጎደለባቸው የስኮትላንድ ልጆች ከተሠራ ማሳደጊያ ነው። ካሌዶኒያ የስኮትላንድ የጥንት የላቲን ስም ነው። እንግዲህ መንገዱ ከመነሻውም ቢሆን ከአገሩ የራቀን ሰው ያውቃል ማለት ነው።

እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ አገር መጥቼ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒዩተር ፊት እቀመጣለሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ከቤት መውጣት ለቤተሰባችን የግድ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጃችን ማርኬት ሮድ በሚገኙት ሜዳዎች ኳስ ይጫወታል፤ ባለቤቴና እኔ በቦዩ ዳር በእግር እንሄዳለን። ባለፈው ኅዳር ደግሞ አባቴ ከደብረ ብርሃን ለሦስት ወር ሊጠይቀን መጣ። አባዬ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ነው፤ የስኳር በሽታም አለበት። የቤት ውስጥ ሰው ግን አይደለም። «እኔ ከሄድሁ ነው የምኖር» ይላል። የዚያን ክረምት ትልቁ የቤታችን ጥያቄ ስለዚህ ቀላል የሚመስል ነበር፦ የአባዬን እግር እንዴት አድርገን እናሙቀው?

በረዶ ሳይጥል የሚጎዳ ብርድ

እዚህ ክረምት የሚባለው በእኛ የበጋው ወራት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጥር ቀን ቀን ሙቀቱ 8 ዲግሪ፣ ሌሊት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ላየው የሚያስፈራ አይደለም። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ ትለብሳለች፤ አባዬም የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ይህ ደግሞ ብርድ ነው?» እያለ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ገባው። «የእኛ ብርድ ደረቅ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ታባርረዋለች። ይኼኛው ግን እርጥብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አይለቅም» አለ። የፊዚክስ መምህርም ከዚህ የተሻለ አይናገርም። ውኃ ሙቀትን የሚያሳልፈው ከአየር ወደ 25 እጥፍ ገደማ በፈጠነ መጠን ነው። ካልሲ ከረጠበ፣ በዝናብም ይሁን በላብ፣ እግርን ከብርድ የሚለየው የአየር ሽፋን በውኃ ተተካ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የጫማው ውፍረት ብዙም አይረዳም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰውነታችን አሠራር ነው። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚጠብቀው ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ነው። ስለዚህ በእጅና በእግር ያሉትን ትናንሽ የደም ሥሮች ያጠብባል። እግር ከልብ በጣም የራቀ ስለሆነ ሙቀቱ የሚቀነሰው ከእሱ ነው። በላዩ ላይ የሰውነት ክብደት ሁሉ አርፎበት ቀዝቃዛ መሬት ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ራቁቱን አንገት ይዞ በቀጭን ጃኬት የወጣ ሰው ካልሲ ቢደራርብም እግሩ የማይሞቅለት። የእግር ሙቀት የሚጀምረው ከኮፍያና ከደረት ነው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከት ጉዳይ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ ከ1914 እስከ 1915 በነበረው ክረምት፣ ከ20,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በእግር ሕመም ታክመዋል። ጥይት አልነካቸውም። በረዶም እግራቸውን አላደረቀውም። ውኃ በያዘ ምሽግ ውስጥ እርጥብ ቦት ጫማ እንዳደረጉ ለረጅም ሰዓት በመቆማቸው ብቻ ነው እግራቸው የደነዘዘው፣ ያበጠው፣ የከፋባቸውም የቆሰለው። ጦሩ ኋላ ላይ ያገኘው መድኃኒት ቀላል ነበር፦ ካልሲ በየቀኑ መቀየር፣ እግርን ማድረቅ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይት መቀባት፣ ወታደሮቹም አንዱ የሌላውን እግር እንዲመለከት ማድረግ።

ይህ ዓይነቱ ጉዳት ለመድረስ ውኃ የሚቀዘቅዝበት 0 ዲግሪ አያስፈልገውም። ከዜሮ በላይ ባለ ብርድ፣ እርጥበትና ረጅም ሰዓት ከተጨመሩበት ይደርሳል። የለንደን ክረምት ደግሞ ልክ እንደዚያ ነው። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ሌላም ነገር አለ፦ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በዚህ ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ጓደኞቻቸው እጅግ ይበልጣል። በብርድ የጠበበው የደም ሥራችን ተመልሶ ለመከፈት የዘገየ ነው። ስለዚህ ሜዳ ዳር አብሮን የቆመው እንግሊዛዊ አባት በስስ ጫማ ሳቁን ሲስቅ አይተን «እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ» ማለት አያዋጣም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። አንድ ወዳጄ ግን አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ የልጆች ኳስ ቡድን በፈቃደኝነት ሲያሠለጥን፣ በእርጥብ ስኒከር ጭቃ ላይ ቆሞ ይውል ነበር። ዛሬ ጥቅምት በገባ ቁጥር የእግሩ ጣቶች ያቃጥሉታል፤ ሌሊት አንሶላ ሲነካቸው እንኳ ያመዋል። ሐኪሙ ነርቩ በብርድ መጎዳቱን ነግሮታል። ሜዳውን ግን ይወደዋልና አልተወም፤ አሁን ጫማውን አይቶ፣ ካልሲ በቦርሳ ይዞ ይወጣል። እኛም ብዙውን የተማርነው ከእሱ ነው።

የበረዶ ነጋዴው ትምህርት

ካሌዶኒያን ሮድ ሬጀንትስ ካናል የሚባለውን ቦይ በድልድይ ይሻገራል። ከድልድዩ አጠገብ ወደ ቦዩ ዳር ወርዶ መሄድ ይቻላል። በስተምሥራቅ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ የኢዝሊንግተን ዋሻ አፍ ይታያል። ዋሻው 878 ሜትር ይረዝማል፤ የተከፈተው በ1820 ነው። ውስጡ የእግር መንገድ ስለሌለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀልባ የሚያሳልፉት ሰዎች በጀርባቸው ተንጋልለው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየገፉ ነበር። ይህን ስነግረው አባዬ ዋሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «እነዚህ ናቸው እግር የነበራቸው» አለ።

በስተምዕራብ ደግሞ፣ ከመንገዱ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ የለንደን የቦይ ሙዚየም አለ። ሕንፃው በ1860ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ካርሎ ጋቲ ለሚባል ከስዊዘርላንድ ለመጣ ነጋዴ የበረዶ መጋዘን ሆኖ ነው። ያኔ ማቀዝቀዣ አልነበረም። በረዶው ከኖርዌይ በመርከብ ይመጣል፤ ከወንዙ ወደብ በጀልባ በቦዩ ተጭኖ እዚህ ይደርሳል፤ ከዚያም ከመሬት በታች በጡብ በተገነባ ሰፊ ጉድጓድ ይከማቻል። ጉድጓዱ 10 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ዛሬም ከላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ማየት ይቻላል። ጋቲ ለተራው ሕዝብ አይስክሬም በመሸጥም ይታወቃል።

ልጄ «በበጋ ለምን አይቀልጥም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ለእግራችን የሚበጀው መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው። በረዶን ከሙቀት የሚጠብቀውና እግርን ከብርድ የሚጠብቀው ዘዴ አንድ ነው። አንደኛ፣ ሙቀት የማያሳልፍ ሽፋን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አየሩ እንዳይንቀሳቀስ መዘጋት አለበት። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ውኃው መውጣት አለበት። በረዶ በቀለጠው ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ቶሎ ያልቃልና የበረዶ ቤት ሠሪዎች ለውኃው መውረጃ ያበጁ ነበር። እግርም እንዲሁ ነው። ላቡ ካልወጣለት በወፍራም ጫማ ውስጥም ይበርደዋል።

ጋቢና ባና

ከቤታችን ትምህርት ሁሉ ለሐበሻ ቶሎ የሚገባው የካልሲው ነገር ነው። የጥጥ ካልሲ ውኃ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ በክሮቹ መካከል የነበረው አየር ይጠፋል። የበግ ሱፍ ግን ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ ጠጉሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ አየሩን አይለቅም።

ይህን በኢንተርኔት ያነበብሁትን ለአባዬ ሳብራራለት ቡናውን እያማሰለ አዳመጠኝና ሳቀ። የአባቱ አገር መንዝ ነው። መንዝ ደግሞ በበጉና ከበጉ ጠጉር በሚሠራው ባና የታወቀ ነው። «ጋቢ ለቤት ነው ልጄ። መንዝ ላይ ከብት የሚጠብቅ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚለብሰው ባና ነው። ይህንን ለማወቅ ለንደን መምጣት ነበረብህ?» አለኝ። ልክ ነው፤ የጥጥ ካልሲ የእግር ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲ የእግር ባና ነው።

ከዚህ ተነሥተን በቤታችን የያዝናቸው ልማዶች እነዚህ ናቸው።

አንድ ጥሩ የሱፍ ካልሲ ከሦስት የተደራረበ የጥጥ ካልሲ ይበልጣል። መደረብ ካስፈለገ ከውስጥ ስስ፣ ከላይ ወፈር ያለ ሱፍ ነው።

ጫማ መጥበብ የለበትም። ጣቶች ውስጥ ሆነው መንቀሳቀስ ካልቻሉ ደም አይደርሳቸውም፣ የሚሞቅ አየርም አይኖርም። የክረምት ጫማ ሲገዛ ካልሲውን ይዞ ሄዶ፣ አድርጎ መለካት ነው። እግር በቀኑ መጨረሻ ትንሽ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል።

ብርድ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከታች ነው። ወፈር ያለ ሶል ያለው ጫማ መምረጥ፣ ውስጡም የሱፍ ንጣፍ መጨመር ብዙ ለውጥ ያመጣል። ንጣፉ ጫማውን ካጠበበው ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ከቤት ሲወጡ እግር ደረቅና ሞቃት ይሁን። የቀዘቀዘ እግር ጫማ ውስጥ ገብቶ በራሱ አይሞቅም፤ ጫማ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም።

መሄድና መቆም አንድ አይደሉም

በቦዩ ዳር የሚራመድ ሰው የእግሩ ጡንቻ ደም ይገፋለታል። ሜዳ ዳር የቆመ ወላጅ ግን ይህ የለውም። ማርኬት ሮድ ላይ ያሉት ሜዳዎች ያረፉበት አካባቢ ድሮ በ1855 የተከፈተው ትልቁ የለንደን የከብት ገበያ ነበር። የገበያው ረጅም የሰዓት ማማ አሁንም በካሌዶኒያን ፓርክ መካከል ቆሟል። አባዬ ሰዓቱን እያየ የልጅ ልጁን ጨዋታ ለመጠበቅ እዚያ መቆም ደስ ይለዋል። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር «በርታ የኔ ጌታ!» ይላል፤ እንግሊዞቹ ወላጆችም ቃሏን ለምደዋት ነበር።

የሚቆም ሰው ከሚሄድ ሰው ይበልጥ መልበስ አለበት። ቦዩ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የነገረን ዘዴ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፦ ወፍራም ካርቶን ወይም ቁራጭ የስፖንጅ ምንጣፍ መሬት ላይ ዘርግቶ በእሱ ላይ መቆም። ካርቶን በውስጡ አየር ስለያዘ ከሲሚንቶው ይለያል። እኛም ካርቶኑን በመኪናው ኮፈን ውስጥ እናስቀምጣለን። በየአሥር ደቂቃው ተረከዝ አንሥቶ መመለስ፣ ጣት ማጠፍና መዘርጋት፣ የሜዳውን ዳር አንድ ዙር መሄድም ይረዳል።

ልጆችን በሚመለከት አደጋው ከጨዋታው በኋላ ነው። ሲሮጡ ያልባቸዋል፤ ፊሽካው ሲነፋ ሙቀቱ ይቆማል፣ እርጥበቱ ግን ይቀራል። ስለዚህ ከሜዳ እንደወጡ፣ ወሬውም ምግቡም ሳይጀመር፣ ካልሲ መቀየር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ልጄ መጀመሪያ ጓደኞቹ ፊት ያፍር ነበር። አሁን እሱ ራሱ «ካልሲዬ የት አለ?» ይላል፤ ሁለት ጓደኞቹም ተከትለውታል።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

የበረደውን እግር በእሳት ወይም በፍል ውኃ ማሞቅ ሁሉም የሚመኘው ነገር ነው። ነገር ግን የደነዘዘ እግር ቃጠሎን አይናገርም። ለአባዬ ዓይነቱ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ይህ ከብርዱ የባሰ ነው፤ ስኳር በጊዜ ብዛት የእግርን ስሜት ያደነዝዛልና ቆዳው ሲቃጠል ላይታወቀው ይችላል። የቆሰለ እግር በስኳር ሕመምተኛ ላይ ቶሎ አይድንም፤ አንዳንዴም እግር እስከማጣት ያደርሳል። ለአባዬ ይህ ማለት መሄዱን ማጣት ነው።

ደብረ ብርሃን የምታክመው ነርስ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ነገር አስጠንቅቃው ነበር፦ እግሩን ማታ ማታ እንዲያይ፣ ጫማ ከማድረጉ በፊት እጁን ውስጥ አስገብቶ እንዲዳብስ፣ በማሞቂያ ላይ እግሩን እንዳይሰቅል። የእግሩን ሥር ማየት ስለሚቸግረው ሥራውን የወሰደው የልጅ ልጁ ነው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ልጁ የእጅ ባትሪ ይዞ ይንበረከካል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያያል፤ «ዛሬ ደህና ነው አያዬ» ብሎ ዘገባ ያቀርባል። አባዬም ራሱን ነካ አድርጎ ይመርቀዋል። በዚያ ክረምት በቤታችን ካየሁት ሁሉ ይህንን አልረሳውም። ከመቶ ዓመት በፊት ወታደሮቹን አንዱ የሌላውን እግር እንዲያይ ያዘዘው መኮንን ቢያያቸው ደስ ይለው ነበር።

ለማንኛውም ሰው የሚሆነው ሥርዓት ቀላል ነው። እርጥቡን ማውለቅ፣ በፎጣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ማድረግ፣ ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ትኩስ ሻይ ወይም አጥሚት መጠጣት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ ቢመለስ ነው የሚበጀው። ግማሽ ሰዓት አልፎ ጣቶቹ እንደደነዘዙ ወይም ነጭተው ከቀሩ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ሕመሙ ሌሊት ከባሰ ግን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር 111 ላይ በመደወል በማንኛውም ሰዓት ምክር ይገኛል።

ጫማውንም ቢሆን በማሞቂያ ላይ አናስቀምጥም፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። የጋዜጣ ወረቀት አጨማደን ውስጡን እንሞላና እንዲያድር እንተወዋለን። ሁለት ጫማ ላለው ሰው ደግሞ አንዱን ቀን እያሳለፉ ማድረግ የተሻለ ነው።

ለሚመጡት

አባዬ የካቲት ላይ ተመለሰ። እግሩ እንደመጣ ነው የሄደው፤ በሻንጣው ውስጥ ግን ስድስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ነበር፤ ሁለቱ ለነርሷ ናቸው።

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በየክረምቱ አዲስ ፊት አያለሁ። ገና የመጣ ወጣት፣ ስስ የሸራ ጫማ አድርጎ፣ እጁን በኪሱ ከትቶ፣ ከምግብ ቤቱ በር ፊት ሰው ሲጠብቅ ይታያል። ብርዱን እንደ ስደቱ አንድ ክፍል አድርጎ ተቀብሎታል፤ የሚነግረው ሰው ስለሌለ። በየቤተሰቡ ጥሩ ኮት ለእንግዳ መግዛት የተለመደ ነው። ኮቱ ይቆየን፤ ከኮቱ በፊት ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይቅደም። ዋጋው ያነሰ፣ ጥቅሙ የበለጠ ነው።

ከዚያ በኋላ ይዛችሁት ውጡ። ከድልድዩ ውረዱ፣ የዋሻውን አፍ አሳዩት፣ የበረዶውን ጉድጓድ አሳዩት፣ በሰዓት ማማው በኩል ተመልሳችሁ ትኩስ ሽሮ ብሉ። እግሩ የሞቀ ሰው ከተማውን ማየት ይጀምራል።